ቤታን ከመቀየርዎ በፊት እርምጃዎን ይመርምሩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «40,000 ተለዋዋጮች ያሉት ፈንክሽን አለኝ። ምንም ገደብ ሳይኖርበት ዝቅተኛ ዋጋውን ለማግኘት ኮንጁጌት ግራዲየንትን (በየዙሩ አዲስ የመውረጃ አቅጣጫ የሚመርጥ ዘዴ ነው) ጻፍኩ፤ ቤታን፣ ማለትም አሮጌው አቅጣጫ በአዲሱ ውስጥ የሚኖረውን ድርሻ፣ በፍሌቸርና በሪቭስ ቀመር አሰላለሁ። በትንንሽ ኳድራቲክ (ባለ ሁለተኛ ዲግሪ) ፈንክሽኖች ላይ ስሞክረው የእርምጃውን ርዝመት በቀመር በትክክል ስለማሰላ፣ ፕሮግራሙ በተለዋዋጮቹ ቁጥር ልክ ዙሮች ይጨርሳል። በእውነተኛው ችግሬ ላይ ግን ርዝመቱን የምመርጠው ከ1 ጀምሬ የፈንክሽኑ ዋጋ እስኪቀንስ በግማሽ በግማሽ እየቆረጥኩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ዙሮች ደህና ይወርድና ከዚያ ይተኛል፤ ሺህ ዙር ቢጨመርለትም ፈቀቅ አይልም። ቀመሩን በፖላክና በሪቢየር ብለውጠው ይፈታልኛል?»

መለወጡን ይለውጡት፤ የተኛውን ፕሮግራም የሚቀሰቅሰው ግን እሱ ብቻውን አይመስለኝም። መልሱ በራስዎ ጥያቄ ውስጥ ተቀምጧል። በትንሹ ፈተና ላይ እርምጃውን በትክክል ያሰላሉ፤ በትልቁ ላይ በግምት ይቆርጣሉ። ስለዚህ የፈተኑት ፕሮግራምና የሚጠቀሙበት ፕሮግራም አንድ አይደሉም። ፈተናውን ያለፈው ቀመሩ ከትክክለኛ እርምጃ ጋር ተጣምሮ ነው፤ እርምጃው ሲጓደል ቀመሩ ምን እንደሚሆን ፈተናው አልነገረዎትም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ማግነስ ሄስተኔስና ኤድዋርድ ሽቲፈል ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1952 ሲያሳትሙ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ዓላማቸው የመስመራዊ እኩልዮሾችን ስብስብ መፍታት ነበር። ማትሪክሱ ሲሜትሪክና ፖዘቲቭ ዴፊኒት ከሆነ፣ ማለትም ኳድራቲኩን አንድ ዝቅተኛ ነጥብ ያለው ጎድጓዳ የሚያደርግ ከሆነ፣ እኩልዮሾቹን መፍታትና የአንድን ኳድራቲክ ፈንክሽን ዝቅተኛ ነጥብ መፈለግ አንድ ሥራ ነው። ሁለት አቅጣጫዎች ኮንጁጌት ናቸው የሚባለው አንደኛውን በማትሪክሱ አባዝተን ከሌላው ጋር የነጥብ ብዜት ስንሠራ ውጤቱ ዜሮ ሲሆን ነው። ትርፉ ግልጽ ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ወርደን የጨረስነውን ሥራ በሌላው አቅጣጫ ስንሄድ አናበላሸውም። ሮጀር ፍሌቸርና ሪቭስ በ1964 ይህንኑ ኳድራቲክ ወዳልሆኑ ፈንክሽኖች አሻገሩት። ማትሪክሱን አስወጥተው በቦታው ግራዲየንትን (ፈንክሽኑ በፍጥነት የሚጨምርበትን አቅጣጫና የዳገቱን መጠን የሚያሳየውን ቬክተር) እና የመስመር ፍለጋን (በተመረጠው አቅጣጫ የእርምጃውን ርዝመት የሚወስነውን ሙከራ) አስገቡ። አዲሱ አቅጣጫ የአዲሱ ግራዲየንት ተቃራኒ ሲደመር ቤታ የተባዛ አሮጌ አቅጣጫ ነው። በፍሌቸርና በሪቭስ ቀመር ቤታ ማለት የአዲሱ ግራዲየንት ርዝመት ዳግም ርቢ ለአሮጌው ርዝመት ዳግም ርቢ ሲካፈል ነው።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያንሡ። ፈንክሽናችን ½ × (ሀ² + 9ለ²) ይሁን፤ መነሻችን (9፣ 1)። ግራዲየንቱ (9፣ 9) ስለሆነ የመጀመሪያው አቅጣጫ (−9፣ −9) ነው። ትክክለኛው የእርምጃ ርዝመት 162 ÷ 810 = 0.2 ሲሆን (7.2፣ −0.8) ላይ ያደርሰናል። እዚያ ግራዲየንቱ (7.2፣ −7.2) ነው፤ ቤታ 103.68 ÷ 162 = 0.64 ይሆናል፤ አዲሱ አቅጣጫ (−12.96፣ 1.44)። በዚህ አቅጣጫ 5/9 ቢራመዱ በትክክል (0፣ 0) ላይ ያርፋሉ። ሁለት ተለዋዋጭ፣ ሁለት ዙር። ምንጊዜም በግራዲየንቱ ተቃራኒ የሚሄደው የቁልቁለት ዘዴ ከዚሁ ነጥብ ቢነሣ በየዙሩ ርቀቱን በ0.8 እያባዛ ግራ ቀኝ ይላጋል፤ ከአሥር ዙር በኋላም ገና አሥር በመቶ ያህሉ ርቀት ይቀረዋል።

ይህንኑ በእርስዎ የመቁረጥ ዘዴ እንድገመው። የፈንክሽኑ ዋጋ መነሻው ላይ 45 ነው። በ1 ብንራመድ 288 ይሆናል፤ አይሆንም። በ0.5 ደግሞ 65.25፤ አሁንም አይሆንም። በ0.25 ግን 29.81 ስለሚሆን ፕሮግራሙ ደስ ብሎት ይቀበላል። 0.25 ከ0.2 ምን ያህል ይርቃል? ለዓይን ኢምንት ነው። ነጥቡ (6.75፣ −1.25)፣ ግራዲየንቱ (6.75፣ −11.25) ይሆናል። ቤታን ሲያሰሉ ግን 172.125 ÷ 162 = 1.0625 ያገኛሉ። ከ0.64 ዘልሎ ከ1 በላይ ወጣ! ከዚህ በኋላ ሁለተኛውን እርምጃ በትክክል ቢያሰሉት እንኳ የሚያርፉት (−0.47፣ −0.50) ገደማ ላይ ነው፤ ሁለቱ አቅጣጫዎችም ኮንጁጌት አይደሉም። እስቲ እዚሁ ላይ የፖላክና የሪቢየርን ቀመር ያስገቡ፦ ቤታ 1.3125 ይሆናል። ተሻለ ያሉት ቀመር በዚህ ቦታ በትክክለኛው እርምጃ ካገኘነው 0.64 ይበልጥ ራቀ። «ቀመሩን ብቀይር ይፈታል?» ሲሉ ያመነታሁት ለዚህ ነው። ሁለቱም ቀመሮች የተቀመሩት ያለፈው እርምጃ በሚገባ ተጠናቋል ብለው ነው፤ ካልተጠናቀቀ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ይሳሳታሉ።

ጉዳቱ ከዚህም ይከፋል። አዲሱ አቅጣጫ ቁልቁል መሆኑን የሚወስነው የአዲሱ ግራዲየንትና የአዲሱ አቅጣጫ የነጥብ ብዜት ነው፤ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ይህ ብዜት ከሁለት ነገሮች ይሠራል፦ አንደኛው የግራዲየንቱ ርዝመት ዳግም ርቢ በኔጌቲቭ ምልክት፣ ሁለተኛው ቤታ ሲባዛ የአዲሱ ግራዲየንትና የአሮጌው አቅጣጫ ብዜት። እርምጃው ትክክለኛ ከሆነ ሁለተኛው ዜሮ ነው፤ ምክንያቱም በመስመሩ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ግራዲየንቱ ለመስመሩ ቀጤ ነክ ይሆናል። ትክክለኛ ካልሆነ ግን ሁለተኛው ክፍል አድጎ የመጀመሪያውን ሊውጠው ይችላል፤ ያኔ ወርጄ እሄዳለሁ ያሉት አቅጣጫ ዳገት ሆኖ ይገኛል። በዳገት ላይ ደግሞ በግማሽ እየቆረጡ ዝቅታ መፈለግ እርምጃውን ከማመንመን በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ፕሮግራምዎ «ተኛ» ያሉት ቅጽበት ይህ ሊሆን ይችላል። በየዙሩ የዚህን ብዜት ምልክት ያትሙና ይዩ፤ አንዲት መስመር ኮድ ናት።

መድኃኒቱ በፊሊፕ ዎልፍ ስም የሚጠሩት ሁኔታዎች ናቸው፤ እዚህ የምንፈልገው ጠንካራውን ዓይነት ነው። አንደኛው ሁኔታ ዋጋው በበቂ መጠን እንዲቀንስ ይጠይቃል፤ እርስዎ አሁን የሚያደርጉት የዚህን ላላ ያለ መልክ ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በመስመሩ ላይ ያለው ተዳፋት ከመነሻው ተዳፋት አንጻር በፍጹም ዋጋው በበቂ እንዲለዝብ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው 0.0001፣ ለሁለተኛው 0.1 ይውሰዱ። ኳዚ-ኒውተን ዘዴዎችን (የፈንክሽኑን ጥምዝነት ካለፉት ግራዲየንቶች የሚገምቱትን) ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች ለሁለተኛው 0.9 ማስገባት ለምደዋል፤ እዚያ ይሠራል፣ እዚህ ግን አደገኛ ነው። አል-ባሊ በ1985 እንዳሳየው የፍሌቸርና የሪቭስ ዘዴ ይህ ቁጥር ከ0.5 በታች እስከሆነ ድረስ ሁልጊዜ ቁልቁል አቅጣጫ ይሰጣል። ቁጥሩ 0.1 ሲሆን የግራዲየንቱና የአቅጣጫው ብዜት ለግራዲየንቱ ዳግም ርቢ ሲካፈል በ−1.11 እና በ−0.89 መካከል ይታጠራል፤ ዳገት የመሆን ዕድሉ ተዘጋ ማለት ነው። ይህን ፍለጋ ራስዎ ከዜሮ እንዲጽፉት አልመክርም። ላዩ ቀላል ይመስላል እንጂ መሐል ላይ ክፍተቱን አጥብቦ በኩቢክ የሚገምተው ክፍል የስህተት ጎተራ ነው። ተፈትሾ የቆየ የኮድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን ይውሰዱ።

ፍለጋውን ካስተካከሉ በኋላ ወደ ቀመሩ እንመለስ፤ እዚህ ላይ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ፍሌቸርና ሪቭስ መርሳት የማይችል ቀመር ነው። በሆነ አጋጣሚ አቅጣጫው ለግራዲየንቱ ቀጤ ነክ ለመሆን ትንሽ ቀረው እንበል፤ በአቅጣጫውና በግራዲየንቱ ተቃራኒ መካከል ያለው አንግል ኮሳይን 0.01 ይሁን። በትክክለኛ እርምጃ የአቅጣጫው ርዝመት ከግራዲየንቱ ርዝመት መቶ እጥፍ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት አቅጣጫ ብዙ መሄድ ስለማይቻል እርምጃው ደቃቃ ይሆናል፤ እርምጃው ደቃቃ ከሆነ አዲሱ ግራዲየንት ከአሮጌው ብዙም አይለይም፤ ካልተለየ ቤታ ወደ 1 ይጠጋል። አዲሱ አቅጣጫ እንግዲህ አንድ እጅ አዲስ መረጃ፣ መቶ እጅ አሮጌ ስህተት ነው። ቀጣዩም ዙር ያው፣ ከዚያ የሚቀጥለውም ያው። ማይክል ፓወል በ1977 ይህን መቆላለፍ ተንትኖ አሳይቷል። ከ«ይተኛል» አገላለጽዎ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ፖላክና ሪቢየር (ቦሪስ ፖልያክም በዚያው በ1969 ለብቻው ደርሶበታል) የቀመሩን የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው የነኩት፦

ቤታ = አዲስ ግራዲየንት · (አዲስ ግራዲየንት − አሮጌ ግራዲየንት) ÷ (አሮጌ ግራዲየንት · አሮጌ ግራዲየንት)

ሁለቱ ግራዲየንቶች ሲመሳሰሉ ቅንፉ ወደ ዜሮ ስለሚሄድ ቤታም ይከተለዋል፤ አሮጌው አቅጣጫ ይረሳና ዘዴው በቁልቁለት እርምጃ እንደገና ይጀምራል። ማንም ሳያዘው ራሱን ያድሳል። ውበቱን ላየው ሰው እንዲህ ያለች ትንሽ ለውጥ ይህን ሁሉ ታደርጋለች ብሎ ማመን ያስቸግራል። ግን ነገሩ አንድ አስቂኝ ጎን አለው። በተግባር የሚንቀረፈፈው የፍሌቸርና የሪቭስ ዘዴ ወደ መፍትሔ እንደሚደርስ በንድፈ ሐሳብ ተረጋግጦለታል፤ በተግባር የሚፈጥነው የፖላክና የሪቢየር ግን ትክክለኛ የመስመር ፍለጋ ቢሰጠውም ለዘላለም ሊሽከረከርበት የሚችል ባለ ሦስት ተለዋዋጭ ምሳሌ ፓወል በ1984 አቅርቦበታል። መላው ሆኖ የተገኘው ቤታ ኔጌቲቭ ሲሆን ዜሮ ማድረግ ነው። ጊልቤርና ኖሴዳል በ1992 ይህ እርማት ከተስማሚ ፍለጋ ጋር ሲጣመር መድረሱን አረጋገጡለት። እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

በየጊዜው ማደስ ስለሚባለው፦ መጻሕፍቱ በተለዋዋጮች ቁጥር ልክ ዙር ሲሞላ አድሱ ይላሉ። እርስዎ ጋ ይህ በየ40,000 ዙሩ ማለት ነው፤ እዚያ ከደረሱ ሌላ ችግር አለብዎት። የሚሻለው የፓወል መለኪያ ነው። ሁለት ተከታታይ ግራዲየንቶች ኳድራቲክ ላይ ቀጤ ነክ መሆን ስለሚገባቸው፣ የነጥብ ብዜታቸው ፍጹም ዋጋ ከአዲሱ ግራዲየንት ዳግም ርቢ 0.2 እጅ ካለፈ ቤታን ዜሮ አድርገው ይጀምሩ። ሌሎች ቀመሮችም ሞልተዋል። የዳይና የዩዋን (1999) ላላ ባለው የዎልፍ ሁኔታ እንኳ ቁልቁልነትን ይጠብቃል፤ የሄገርና የዣንግ (2005) ደግሞ የመስመር ፍለጋው ምንም ዓይነት ቢሆን ብዜቱ ከግራዲየንቱ ዳግም ርቢ ቢያንስ 7/8 እጅ ኔጌቲቭ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። የመጨረሻው ጥሩ ሥራ ነው፤ የተጻፈለት ፕሮግራም እጅዎ ከገባ የራስዎን ጥለው እሱን ቢወስዱ አልቀየምም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ግራዲየንቱን ራሱን ፈትሸዋል? ይህን የምጠይቀው በራሴ ስለ ደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ሦስት የቤታ ቀመሮችን እያፈራረቅኩ ሁለት ሳምንት ያህል ደክሜ፣ ጥፋቱ ከግራዲየንቱ አንድ አባል ላይ የተረሳ 2 ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ስህተት መጀመሪያ ላይ አይታይም፤ ሌሎቹ አባላት ገዝፈው ሳለ ዘዴው ይወርዳል፣ እነሱ ሲመነምኑ ስህተቱ ብቻውን ይቀራል። አንድ የዘፈቀደ አቅጣጫ ይምረጡ፤ በዚያ አቅጣጫ በ0.00001 ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተራምደው የፈንክሽኑን ዋጋዎች ልዩነት ለጠቅላላ ርቀቱ ያካፍሉ፤ ግራዲየንቱ ከዚያ አቅጣጫ ጋር ከሚሰጠው ብዜት ጋር ያነጻጽሩ። ተለዋዋጮቹ ወደ 1 የሚጠጉ ከሆኑና ስሌቱ በ64 ቢት ከሆነ ከስድስት አኃዝ በላይ መስማማት አለባቸው። ፍተሻውን ከተኛበት ነጥብ ላይም ይድገሙት፤ መነሻው ላይ ብቻ አይበቃም።

ሌላው ተጠርጣሪ የችግሩ መልክ ነው። የኮንዲሽን ቁጥር የሚባለው፣ ማለትም የሄሲያኑ (የፈንክሽኑን ጥምዝነት የሚይዘው የሁለተኛ ዲሪቬቲቮች ማትሪክስ) ትልቁ አይገን ዋጋ፣ ይኸውም የትልቁ ጥምዝነት መጠን፣ ለትንሹ ሲካፈል፣ 10,000 ከሆነ በኳድራቲክ ላይ ስህተቱን በሚሊዮን እጅ ለመቀነስ የቁልቁለት ዘዴ በከፋ ሁኔታ ወደ 69,000 ዙር ያስፈልገዋል። ኮንጁጌት ግራዲየንት ፍጥነቱን የሚወስነው የዚያ ቁጥር ዳግም ዘር ስለሆነ ወደ 725 ዙር ይበቃዋል። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ነገር ግን የኮንዲሽን ቁጥሩን ወደ 100 ማውረድ ቢችሉ ወደ 70 ዙር ይወርዳል፣ ለዚህም ምንም አዲስ ቀመር አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መለኪያዎችን ማስተካከል ብቻ ነው። አንዱ ተለዋዋጭ በሺዎች፣ ሌላው በሺህኛ ክፍልፋይ የሚለካ ከሆነ እያንዳንዱን በተለመደው መጠኑ አካፍለው ሁሉንም ወደ 1 ያቅርቡ። የሄሲያኑን ዲያጎናል ብቻ በርካሽ መገመት ከቻሉም ግራዲየንቱን በእሱ ማካፈል እንደ ቀላል ማለስለሻ ያገለግላል፤ ያኔ በቤታ ቀመር ውስጥ ያሉት ብዜቶችም በተለሰለሰው ግራዲየንት መሠራት አለባቸው። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

እነዚህን ጥፋቶች እርስ በርስ ለመለየት በየዙሩ ሦስት ቁጥሮች ያትሙ፦ ቤታ፣ የአንግሉ ኮሳይን፣ የእርምጃው ርዝመት። ቤታ 1 አካባቢ ተጣብቆ ኮሳይኑ ከ0.01 በታች ከወረደ ያየነው መቆላለፍ ነው። ኮሳይኑ ኔጌቲቭ ከሆነ አቅጣጫው ዳገት ነው፤ ፍለጋውን ይክሰሱ። ኮሳይኑ ጤነኛ ሆኖ እርምጃው ዜሮ ከሆነ ግራዲየንቱ ውሸት ነው። ሦስቱም ጤነኛ ሆነው ዝግ ካለ ችግሩ የመለኪያ ነው። የተኛው ግራዲየንቱ ከመነሻው በብዙ ሚሊዮን እጅ ካነሰ በኋላ ከሆነ ደግሞ ምናልባት አልተኛም፣ ደርሷል። ዝቅተኛው ነጥብ አጠገብ የሁለት ዋጋዎች ልዩነት ከኮምፒውተሩ ትክክለኛነት በታች ስለሚሆን «ቀነሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ትርጉም ያጣል።

የፍለጋው መነሻ ርዝመት 1 መሆኑንም ይተዉት። በኒውተን ቤተሰብ ውስጥ 1 ተፈጥሯዊ ነው፤ እዚህ ግን አቅጣጫው የራሱ ልክ የለውም። ያለፈውን ርዝመት ወስደው በአሮጌው የተዳፋት ብዜት ያባዙና ለአዲሱ ያካፍሉ፤ ብዙ ከንቱ ሙከራ ይቀንስልዎታል።

በመጨረሻ ያልጠየቁኝን ልመልስ። 40,000 ተለዋዋጭ ለዚህ ዘዴ ብዙ አይደለም። ሙሉው ሄሲያን 1.6 ቢሊዮን ቁጥሮች፣ ማለትም 12.8 ጊጋባይት ስለሚሆን እሱን መተውዎ ትክክል ነው፤ አንድ ቬክተር ግን 320 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ያለፉትን አሥር ዙሮች የሚያስታውሰው የተወሰነ ማስታወሻ ያለው ቢ ኤፍ ጂ ኤስ (ከኳዚ-ኒውተን ዘዴዎች አንዱ) ሃያ ተጨማሪ ቬክተሮች፣ ወደ 6.4 ሜጋባይት ብቻ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ሙከራው ርዝመት 1 ስለሚሳካለት በየዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ግራዲየንት ያሰላል፤ ለመስመር ፍለጋ ጉድለትም ይበልጥ ቻይ ነው። በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለቱን ጎን ለጎን አስሮጥና በዙር ብዛት ሳይሆን ግራዲየንቱ በተሰላበት ብዛት አወዳድራቸው ነበር። ኮንጁጌት ግራዲየንት የሚያሸንፈው ማስታወሻ በእውነት ሲጠብብ፣ ወይም ፈንክሽኑ ኳድራቲክ ለመሆን ሲቃረብ ነው።

ግራዲየንትዎ በየዙሩ ከተለያየ የመረጃ ናሙና የሚሰላ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩት አብዛኛው አይሠራም። የቤታ ቀመር ሁለት ግራዲየንቶችን ሲያቀናንስ የአንድ ፈንክሽን ናቸው ብሎ ያምናል፤ ናሙናው ከተቀየረ የሚያቀናንሰው የሁለት የተለያዩ ፈንክሽኖችን ግራዲየንት ነው፣ ልዩነቱም በአብዛኛው የናሙናው ጩኸት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ በሙሉው መረጃ ያስሉ፣ አለዚያ ለናሙና የተሠሩትን ዘዴዎች ይያዙ።